ለ«ነጻው» ብራውዘር የሚከፍለው ማን ነው? ጥያቄው ከኪሊማኒ ሲታይ

እ.አ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ አቋረጠ። ውሳኔው በቀጥታ ከሚነካቸው ከተሞች አንዷ ናይሮቢ ናት። በኬንያ መዲና «ኤክስ ዩኬ» በሚል መጠሪያ የሚሸጡት፣ በውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች ለዓመታት አገልግለው የተሰናበቱ ላፕቶፖች ለብዙ ተማሪና ጀማሪ ባለሙያ የመጀመሪያ ኮምፒውተር ናቸው። ከእነዚህም ብዙዎቹ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀውን የማቀነባበሪያ ዓይነትና የደኅንነት ቺፕ አያሟሉም። ባለቤቱ አደጋውን ችሎ ይቀጥላል፣ የአንድ ዓመት ማራዘሚያውን ይወስዳል፣ አቅም ካለው አዲስ ይገዛል፤ አለዚያም ሊኑክስ የተባለውን ነጻ ሥርዓተ ክወና ይጭናል።

ሊኑክስን መጫን ዛሬ እንደ ቀድሞው የባለሙያ ሥራ ብቻ አይደለም። የሚከብደው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። ለአብዛኛው ሰው ኮምፒውተር ማለት ብራውዘር፣ ማለትም የበይነ መረብ ማሰሻ፣ ማለት ሆኗልና። በኬንያ የመንግሥት አገልግሎት የሚጠየቀው ኢሲቲዝን በተሰኘው መድረክ ነው፤ ፕሬዚዳንት ዊሊያም ሩቶ እ.አ.አ. በ2023 አጋማሽ ከ5,000 በላይ አገልግሎቶች በዚያ መግባታቸውን ይፋ ካደረጉ ወዲህ የወረቀት ቅጽ እየተረሳ መጥቷል። በናይሮቢ የሚኖር ኢትዮጵያዊም የመኖሪያና የሥራ ፈቃድ ጉዳዩን የሚያስጀምረው በበይነ መረብ ነው። ማሰሻው የማይሠራ ኮምፒውተር ቢበራም እንደ ጠፋ ይቆጠራል።

ታዲያ ይህን ያህል አስፈላጊ የሆነውን ሶፍትዌር የሚሠሩትን ሰዎች ደመወዝ የሚከፍለው ማን ነው? ተጠቃሚው እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ከ20 ዓመት ወዲህ ብራውዘር የሚገዛ ሰው ማግኘት ይቸግራል። ሆኖም የፈቃድ ክፍያው አልጠፋም፤ ከተጠቃሚው ኪስ ወጥቶ ወደ ሌላ ከፋይ ተዛወረ እንጂ። ከፋዩ ሲለወጥ ደግሞ ብራውዘሩ የሚታዘዝለት ጌታም ተለወጠ። ምሥራቅ አፍሪካ ይህን ለውጥ ከሌሎች ቀድማና በመረረ መልኩ ቀምሳዋለች።

ብራውዘር ሸቀጥ በነበረበት ዘመን

በ1990ዎቹ አጋማሽ ብራውዘር የሚሸጥ ዕቃ ነበር። ኔትስኬፕ ለድርጅቶች በ49 ዶላር ገደማ ይሸጥ ነበር። ማይክሮሶፍት በ1995 ከስፓይግላስ ኩባንያ በፈቃድ ያገኘውን ሶፍትዌር መነሻ አድርጎ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን ሠራና ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ያለ ዋጋ ማደል ጀመረ። ስፓይግላስ ድርሻውን ይቆጥር የነበረው በሽያጭ ነበርና፣ ያልተሸጠ ነገር ድርሻ የለውም። ክርክሩ በ1997 በ8 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ። በቀጣዩ ዓመት ጃንዋሪ ኔትስኬፕም ብራውዘሩን በነጻ ለመስጠትና የሶፍትዌሩን ምንጭ ለሕዝብ ለመክፈት ተገደደ። የዛሬው ፋየርፎክስ የተወለደው ከዚያ ውሳኔ ነው።

በዚህ ሁሉ መሀል መሸጡን የቀጠለ አንድ የኖርዌይ ኩባንያ ነበር፦ ኦፔራ። በ1994 በኖርዌዩ ቴሌኮም ቴሌኖር ውስጥ በምርምርነት የተጀመረውን ሥራ ዮን ቮን ቴትችነርና ጋይር ኢቫርሶይ በ1995 ራሱን የቻለ ኩባንያ አደረጉት። ኦፔራ ለዊንዶውስ ብቻ ሳይሆን ትልልቆቹ ለናቋቸው እንደ ቢኦኤስ፣ ኦኤስ/2 እና ሊኑክስ ላሉ ሥርዓተ ክወናዎችም ብራውዘር ያዘጋጅ ነበር። ፈቃዱም የሚሸጠው በየሥርዓተ ክወናው ተለይቶ ነበር። ከ2000 መጨረሻ ጀምሮ መክፈል ያልፈለገ ሰው ከላይ ማስታወቂያ እየታየው ይጠቀም፣ ማስታወቂያው ያስቸገረው ደግሞ 39 ዶላር ከፍሎ ያስወግደው የሚል አማራጭ ቀረበ።

39 ዶላር በዚያን ጊዜ ምንዛሪ ወደ 3 ሺህ የኬንያ ሽልንግ፣ በኢትዮጵያ ደግሞ ከ330 ብር በላይ ነበር። ገንዘቡ ቢገኝ እንኳ የሚከፈልበት ዓለም አቀፍ ካርድ በአዲስ አበባ ተራ ሰው እጅ አልነበረም። ስለዚህ የኦፔራ የፈቃድ ዘመን ለእኛ አካባቢ አንባቢ የሩቅ ወሬ ነው። ግን አንድ ነገር መካድ አይቻልም። በጥቃቅን ሥርዓተ ክወናዎች የሚጠቀመው ሰው 39 ዶላሩን ሲከፍል ኩባንያው ለእርሱ የሚሠራበት ምክንያት ነበረው። ገበያው ትንሽ ቢሆንም ደንበኛ ነበር። ኦፔራ ሴፕቴምበር 20 ቀን 2005 ማስታወቂያውንም ክፍያውንም ሲያነሳ፣ ወጪውን ከፍለጋ አገልግሎቶች በሚያገኘው ገቢ ሊሸፍን ወስኖ ነበር። ከዚያ በኋላ የሚቆጠረው የተጠቃሚው ብዛት እንጂ ፍላጎቱ አልሆነም።

አራት ማዕዘን ሳጥኖችና የፊደል ቀረጥ

በ2006 መጀመሪያ ለዓለም የቀረበው ኦፔራ ሚኒ የአፍሪካን የበይነ መረብ ታሪክ ለውጧል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጃቫ የሚቀበሉ ርካሽ የቁልፍ ስልኮች ሙሉ ድረ ገጽ የመክፈት አቅም አልነበራቸውም። ኦፔራ ሚኒ ሥራውን ከስልኩ አንስቶ ውጭ አገር ወዳሉ የራሱ አገልጋይ ኮምፒውተሮች ወሰደው። ገጹ እዚያ ተከፍቶ፣ ተጨምቆ፣ አንዳንዴ ከቀድሞ መጠኑ ወደ አንድ አሥረኛ ወርዶ ወደ ስልኩ ይላካል። በሜጋባይት ለሚከፍል ሰው ይህ ቁጠባ ከማንኛውም ስጦታ ይበልጥ ነበር።

የአማርኛ አንባቢ ግን ለብቻው የሚያስታውሰው ችግር አለ። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ 3.0 ዓለም አቀፍ መለያ ያገኘው በ1999 ቢሆንም፣ ብዙዎቹ ስልኮች ፊደሉን አያውቁትም ነበር። የአማርኛ ዜና ሲከፈት የሚታየው የባዶ ሳጥኖች ሰልፍ ነው። መፍትሔው ከሰው ወደ ሰው በቃል ሲተላለፍ የኖረ ዘዴ ነበር፦ በአድራሻ መጻፊያው ላይ «ኦፔራ» ብሎ ሁለት ነጥብ፣ ቀጥሎ «ኮንፊግ» ብሎ በላቲን ፊደል መጻፍ፣ ከዚያም ከዝርዝሩ ወደ ታች ወርዶ ለውስብስብ ፊደላት የምስል ቅርጽ እንዲጠቀም ማዘዝ። ያን ጊዜ አገልጋዩ ፊደሎቹን ሥዕል አድርጎ ይልካቸዋል። ሳጥኖቹ ይጠፋሉ፤ አማርኛው ይነበባል። በኢትዮጵያም በስደትም የነበረ ስንቱ አንባቢ ዜና ያነበበው በዚህ መንገድ ነው!

ሥዕል ከጽሑፍ ይከብዳል። ስለዚህ የአማርኛው አንባቢ ለተመሳሳይ ገጽ ከእንግሊዝኛው አንባቢ የበለጠ ዳታ ይከፍል ነበር። ብራውዘሩ ነጻ ነው፤ ፊደሉ ግን ቀረጥ ነበረበት ማለት ይቻላል። ሁለተኛው ዋጋ ከዚህ የማይታይ ነበር። ጭመቃው የሚሠራው በኩባንያው ኮምፒውተሮች ላይ በመሆኑ፣ ገጹ እዚያ ተፈትቶ ከዚያ ነው የሚላከው። በዚህ የጭመቃ ስልት ከድረ ገጹ እስከ ስልኩ ሳይቋረጥ የሚዘልቅ ምስጢራዊነት አይኖርም። ኩባንያው ይህን አልደበቀም፤ በሳጥኖች ለተሰለቸ አንባቢ ግን ያን ጊዜ አንገብጋቢ ጥያቄ አልነበረም።

ከማሰሻ ወደ ብድር

ኦፔራ በአፍሪካ ያካበተው የተጠቃሚ ብዛት ቆይቶ ሌላ ሥራ ተሠራበት። በ2016 የብራውዘር ሥራው በ600 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለቻይና ባለሀብቶች ኅብረት ተሸጠ። በ2018 ጁላይ አክሲዮኑ በኒው ዮርኩ ናስዳክ ገበያ ቀረበ። በዚያው ዓመት በኬንያ ኦኬሽ የተባለ፣ በስልክ አነስተኛ ብድር የሚሰጥ መተግበሪያ ሥራ ጀመረ፤ ኦፔሳ የተሰኘውም ተከተለ።

ጃንዋሪ 2020 የአክሲዮን ዋጋ በመውረዱ የሚያተርፈው የአሜሪካው ሂንደንበርግ ሪሰርች ባወጣው ዘገባ፣ የኦፔራ የብራውዘር ገበያ እየጠበበ ሄዶ ከገቢው ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው ከአጭር ጊዜ ብድር እንደሚመጣ፣ በኬንያ፣ በናይጄሪያና በሕንድ የሚሠሩት መተግበሪያዎች ወለድም በዓመት ሲሰላ ከ365 እስከ 876 በመቶ እንደሚደርስ ከሰሰ። ብድሩን በጊዜው ያልመለሰ ሰው ስልክ ውስጥ ወደሚገኙ ቁጥሮች፣ ማለትም ወደ ዘመድና ወደ አለቃ፣ እንደሚደወልም ጠቀሰ። ኦፔራ ዘገባው በስሕተትና በአሳሳች ድምዳሜ የተሞላ ነው ሲል አስተባበለ። ከጥቂት ወራት በኋላ የብድር ሥራውን ናኖባንክ ወደተባለ ኩባንያ አዛወረ፤ በመጨረሻም ድርሻውን ሸጠ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከሳሹ የአክሲዮኑ ውድቀት የሚጠቅመው ወገን ነበር፤ በብራውዘሩ የተገኘ የግል መረጃ ለብድር ውሏል የሚል ድምዳሜም ከዚህ አይወጣም። ነገር ግን የገቢው ምንጭ መቀየሩ ብቻውን ብዙ ይናገራል። በ2003 ኦፔራ ለተጠቃሚው የሚሸጠው ማሰሻውን ነበር። በ2019 ማሰሻው ተጠቃሚውን ወደሚያተርፍ ሌላ ነገር የሚያደርስ በር ሆኗል።

ኬንያ ለዚህ ዓይነቱ ብድር ልጓም ለማበጀት ጊዜ ወስዶባታል። ማዕከላዊ ባንኩ ዲጂታል አበዳሪዎችን የመቆጣጠር ሥልጣን ያገኘው ዲሴምበር 2021 በጸደቀው ሕግ ነው። ሴፕቴምበር 2022 የጊዜ ገደቡ ሲያበቃ 288 አበዳሪዎች አመልክተው ፈቃድ ያገኙት 10 ብቻ ነበሩ። ያለ ፈቃድ በነጻነት ይሠሩ የነበሩት ስንት እንደነበሩ ከዚህ መገመት ይቻላል።

የ20 ቢሊዮን ዶላሩ ፈቃድ

ዛሬ የብራውዘሮችን ወጪ ከሁሉ በላይ የሚሸፍነው አንድ ኩባንያ ነው። የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር ጉግልን በከሰሰበት የሞኖፖል ክርክር ላይ እንደተገለጠው፣ ጉግል የፍለጋ ገጹ በብራውዘሮችና በስልኮች ላይ ነባሪ ሆኖ እንዲቀመጥ በ2021 ብቻ 26.3 ቢሊዮን ዶላር ከፍሏል። በ2022 ለአፕል ብቻ የተከፈለው 20 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ዳኛ አሚት ሜታ ኦገስት 2024 ጉግል ሕገ ወጥ ሞኖፖል መሥርቷል ሲሉ ፈረዱ።

ያልተጠበቀው የመጣው ቅጣቱ ሲመከር ነው። የፋየርፎክስ አሳዳሪ ሞዚላ የጉግል ተፎካካሪ ሆኖ ሳለ፣ የፋይናንስ ኃላፊው በ2025 ፍርድ ቤት ቀርበው ክፍያው እንዳይታገድ ተማጸኑ። የኩባንያው ገቢ 90 በመቶ ያህሉ ከፋየርፎክስ፣ ከዚያም 85 በመቶ ገደማው ከጉግል እንደሚመጣ አስረዱ። ተፎካካሪው በተከሳሹ ገንዘብ የሚኖር ከሆነ ተከሳሹን መቅጣት ተፎካካሪውን መቅበር ይሆናል። ዳኛው ሴፕቴምበር 2025 ባስተላለፉት ውሳኔ ጉግል ክሮምን እንዲሸጥ አላስገደዱም፤ ሌላ ተወዳዳሪን የሚያገሉ ውሎችን ሲከለክሉ ክፍያውን ግን አላቆሙም።

ከኪሊማኒ ሆኖ ይህን ለሚመለከት ሰው ክርክሩ የሩቅ አይደለም። ሠፈሩ የናይሮቢ የቴክኖሎጂ ታሪክ ዋና መድረክ ነው። በ2010 አይሃብ የተባለው የወጣት ባለሙያዎች ማዕከል በንጎንግ መንገድ በሚገኘው የቢሾፕ ማጉዋ ሕንፃ ተከፈተ፤ ኋላም ወደ ሴንቴው ፕላዛ ተዛወረ። ኬንያ «ሲልከን ሳቫና» የሚለውን ቅጽል ያገኘችው በዚህና በመሰሎቹ ዙሪያ በተሰባሰቡ ወጣቶች ሥራ ነው። የድረ ገጽ ሠሪው ግን፣ በኪሊማኒም ይሁን በቦሌ፣ ሥራውን ቀድሞ የሚፈትነው ብዙ ሰው በሚጠቀምበት ክሮም ላይ ነው። ጊዜና ገንዘብ ከተረፈ በሌላው ይሞክረዋል፤ ብዙውን ጊዜ አይተርፍም። ኦፔራ እንኳ በ2013 የራሱን ሞተር ትቶ የጉግልን ሲቀበል ያደረገው ይህንኑ እውነታ መቀበል ነበር። ዛሬ በዓለም ላይ ሰፊ ጥቅም የሚሰጡት የብራውዘር ሞተሮች የጉግል፣ የአፕልና የሞዚላ ሦስቱ ናቸው።

በአነስተኛ ሥርዓተ ክወና ላይ የሚቀረው ዕዳ

ለዊንዶውስና ለአንድሮይድ ተጠቃሚ ይህ ሁሉ የማይታይ ነው። ከዋናው መንገድ የወጣ ሰው ግን ይሰናከልበታል።

የቪዲዮ ፈቃድን እንውሰድ። በበይነ መረብ ላይ በስፋት የሚሠራበት ኤች 264 የተባለው የቪዲዮ መጭመቂያ ስልት በፈጠራ መብት የተጠበቀ ነው፤ የሚጠቀምበት ሶፍትዌር የፈቃድ ክፍያ አለበት። በነጻ የሚታደል ብራውዘር ይህን ከየት ይከፍላል? በ2013 ሲስኮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ይህን ሥራ የሚሠራ ሶፍትዌር አዘጋጅቶ፣ የፈቃድ ክፍያውን እኔ እሸፍናለሁ አለ። ሁኔታው ግን አንድ ነው፦ ሶፍትዌሩ ከሲስኮ አገልጋይ የወረደ መሆን አለበት። ፋየርፎክስ በሊኑክስ ላይ የቪዲዮ ጥሪ ሲያደርግ ከጀርባ ከፋዩ ሲስኮ ሊሆን ይችላል። ፈቃዱ አለ፤ ደረሰኙ ግን በሌላ ሰው ስም ነው።

ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ አገልግሎቶች የሚጠይቁት የቪዲዮ መቆለፊያ ደግሞ በገንዘብም በቀላሉ አይገኝም። ዋይድቫይን የተባለው መቆለፊያ ባለቤቱ ጉግል ነው። በ2019 ክፍት ምንጭ ብራውዘር በራሱ ጊዜ ሲሠራ የነበረ ባለሙያ ፈቃድ ጠይቆ፣ ከወራት ጥበቃ በኋላ ተከልክሏል። አዲስ ብራውዘር ለመሥራት የሚያስብ ሰው የተፎካካሪውን ፊርማ መለመን ይኖርበታል ማለት ነው።

የዕድሜ ጉዳይም አለ። ክሮም በባለ 32 ቢት ሊኑክስ ኮምፒውተሮች ላይ መሥራቱን ያቆመው ማርች 2016 ነው። ለእነዚህ ማሽኖች መጠጊያ የነበረው ፋየርፎክስም ኖቬምበር 2025 ከወጣው 145ኛ እትሙ ጀምሮ ትቷቸዋል። በረጅም ጊዜ ድጋፍ የሚቆየው 140ኛው እትም ቢያንስ እስከ ሴፕቴምበር 2026 ድረስ የደኅንነት ማሻሻያ እንደሚያገኝ ሞዚላ አስታውቋል። ኩባንያውን መውቀስ ይከብዳል፤ የማይከፍሉና ቁጥራቸው የሚመነምን ተጠቃሚዎችን መንከባከብ ወጪ ብቻ ነው። ግን እነዚያ ማሽኖች የት እንዳሉ ማሰብ ተገቢ ነው። የበለጸገው ዓለም ከጣላቸው ዓመታት አልፈዋል፤ የቀሩት በየትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ክፍልና በየጽሕፈት አገልግሎት ሱቁ ነው።

መክፈል ተመልሶ ይመጣል?

በቅርብ ዓመታት ብራውዘርን ከማስታወቂያና ከፍለጋ ገንዘብ ለማላቀቅ የሚጥሩ ጥቂቶች ብቅ ብለዋል። ካጊ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኦሪዮን የሚል ብራውዘር ሠርቷል። ለመጠቀም መክፈል ግዴታ ባይሆንም፣ ሥራው እንዲቀጥል የሚሹ ተጠቃሚዎች በወር 5 ዶላር እንዲከፍሉ ይጋብዛል። መጀመሪያ ለአፕል ማሽኖች የተሠራው ይህ ብራውዘር ለሊኑክስም እየተዘጋጀለት መሆኑ በ2025 ተነግሯል። ሌላው ሌዲበርድ ነው። አንድሬያስ ክሊንግ የተባሉ ስዊድናዊ ባለሙያ ሴሬኒቲ ኦኤስ ለተባለ የራሳቸው ሥርዓተ ክወና ሲሉ የጀመሩት ይህ ብራውዘር፣ በ2024 ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ተመሥርቶለት 1 ሚሊዮን ዶላር ልገሳ አግኝቷል። ሞተሩን ከማንም አልወሰደም፤ ከፍለጋ ድርጅቶች ገንዘብ እንደማይቀበልም አስታውቋል።

የእነዚህ ሙከራዎች ዕጣ ገና አልለየለትም። ይሁን እንጂ የክፍያ ብራውዘር የሀብታም አገር ቅንጦት ነው የሚለውን አስተያየት ሙሉ በሙሉ መቀበል ያዳግታል። 5 ዶላር በናይሮቢ 650 ሽልንግ ገደማ ነው፤ ኬንያ በውጭ ዲጂታል አገልግሎት ላይ የምትጥለው 16 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ሊታከልበት ይችላል። ለተማሪ ብዙ ነው። በኪሊማኒ ቢሮ ተከራይቶ በዶላር ለሚሠራ ባለሙያ ግን ከአንድ ምሳ አይበልጥም። ኬንያውያን በስልክ ብድር መተግበሪያዎች ላይ ያፈሰሱትን ወለድ ላሰበ ሰው ደግሞ፣ በግልጽ የተጻፈ 650 ሽልንግ ከማይታይ ዋጋ የሚሻልበት ጊዜ አለ።

የመክፈያው መንገድም በናይሮቢ ተጠርጓል። ሳፋሪኮም ከቪዛ ጋር በ2022 ያስጀመረው አገልግሎት የኤምፔሳ ደንበኛ ከስልኩ ላይ የቪዛ ቁጥር አውጥቶ ለውጭ ድርጅት እንዲከፍል ያስችለዋል፤ የባንክ ሒሳብ አያስፈልገውም።

ከኪሊማኒ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ገደማ ርቃ በምትገኘው አዲስ አበባ ነገሩ ሌላ ነው። ኤምፔሳ በ2023 ኢትዮጵያ ገብቷል፤ የብር ምንዛሪም ከጁላይ 2024 ወዲህ በገበያ እንዲወሰን ተደርጓል። ሆኖም በብር የሚንቀሳቀስ ተራ የባንክ ካርድ ለውጭ ሶፍትዌር የወር ክፍያ ብዙውን ጊዜ አያገለግልም። ለሶፍትዌር ፈቃድ መክፈል የፈለገ የአዲስ አበባ ባለሙያ የለመደው ዘዴ ውጭ ያለ ዘመድን መጠየቅ ነው። ናይሮቢ ያለው ወንድም ከስልኩ በወጣ ቁጥር ይከፍላል፤ ሒሳቡ በሌላ መንገድ ይወራረዳል፤ ፈቃዱ ግን የሚመዘገበው በከፋዩ ስም ነው። ወንድምየው ስልክ ወይም አገር የቀየረ ዕለት፣ ብራውዘሩ አዲስ አበባ ላይ «የክፍያ ጊዜዎ አልፏል» ይላል።